አድራጊና አስደራጊ፤ የእግዚአብሔር ሥራ በመጻሕፍት አነጋገር

ግዕዝ የተማረ ሰው ሁሉ የግስን አዕማድ ያውቃል። ቀተለ ብሎ ገደለ ሲል አድራጊ፥ አቅተለ ብሎ አስገደለ ሲል አስደራጊ፥ ተቀትለ ብሎ ተገደለ ሲል ተደራጊ ይባላል። ይህ ለጀማሪ ተማሪ የሚነገር ትምህርት ቢሆንም፥ ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ እግዚአብሔር ሥራ የሚናገሩትን ለመመርመር ለሊቃውንትም ያስፈልጋል። መጻሕፍት አንዱን ሥራ በአንድ ስፍራ ሰው አደረገው፥ በሌላ ስፍራ እግዚአብሔር አደረገው ይላሉና። አስደራጊው እግዚአብሔር ከሆነ አድራጊው ሰው ስለ ምን ይጠየቃል? አድራጊው በገዛ ፈቃዱ ከሠራውስ እግዚአብሔር ሠራው መባሉ ምን ማለት ነው? ጥያቄው የጉባኤ ቤት ብቻ አይደለም። እግዚአብሔር አደረገው የሚለው ቃል በሁላችንም አፍ ይገኛልና፤ አንዱ ለምስጋና ይናገረዋል፥ አንዱ ከተጠያቂነት ለማምለጥ።

አስቀድመን የፈርዖንን ነገር እንመልከት። በኦሪት ዘጸአት ስለዚህ ንጉሥ ልብ ሦስት ዓይነት አነጋገር ይገኛል፤ ልቡ ጸና የሚል አለ፥ ራሱ ልቡን አጸና የሚል አለ፥ እግዚአብሔር ልቡን አጸናው የሚልም አለ። እርግጥ ነው፥ ሙሴ ወደ ግብፅ ሲመለስ የፈርዖንን ልብ እንደሚያጸና እግዚአብሔር አስቀድሞ ነግሮታል። ነገር ግን የመቅሠፍቱን ታሪክ በዕብራይስጡ ንባብ በተራ የተከተለ ሰው፥ እስከ አምስተኛው መቅሠፍት ድረስ ተራኪው እግዚአብሔር አጸናው ሲል አያገኘውም። ይህ ቃል የሚመጣው በስድስተኛው፥ በቍስሉ መቅሠፍት ነው፤ ንጉሡ ደጋግሞ እምቢ ካለ በኋላ ማለት ነው። ከዚያም ወዲያ በረዶው በወረደ ጊዜ ፈርዖን በደሉን በአፉ አመነ፤ በረዶው ሲያቆም ግን ራሱ እንደ ገና ልቡን አጸና። እንግዲህ ተራኪው ሦስቱን አነጋገር ጎን ለጎን ሲያኖር አንዱ ሌላውን አላፈረሰበትም።

የነገሩ ምሥጢር ይልቁን የሚገለጠው በአሦር ንጉሥ በሰናክሬም ታሪክ ነው። የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ ስለ ዐመፀበት፥ ሰናክሬም ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ701 ዓመት በይሁዳ ላይ ዘመተ። ምሽግ ያላቸውን ከተሞች ያዘ፤ ለኪሶ የተያዘችበት ጦርነት በነነዌ በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ በድንጋይ ተቀርጾ ነበርና፥ ያ ቅርጽ ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ሙዚየም ይታያል። ንጉሡ በለኪሶ ሳለ ራፋስቂስን ከሌሎች ሹማምንትና ከብዙ ሠራዊት ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ላከ።

ራፋስቂስ በቅጥሩ አጠገብ ቆሞ በአይሁድ ቋንቋ ከተናገረው ሁሉ እጅግ የሚያስደንቅ አንድ ነገር አለ። ወደዚያ አገር የወጣው ያለ እግዚአብሔር እንዳልሆነ፥ ውጣ ብሎ ያዘዘውም ራሱ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ተናገረ። ይህም በመጽሐፈ ነገሥት ራብዕ በምዕራፍ 18 ተጽፏል። ሰሚው የጠላት ውሸት ነው ብሎ ሊያልፈው ይወድ ይሆናል። ነገር ግን ኢሳይያስ በምዕራፍ 10 ያንኑ ይመሰክራል፤ አሦርን በበደለኛ ሕዝብ ላይ የተላከ የቍጣ በትር ይለዋልና። አረማዊው ሹምና ነቢዩ አንድ ነገር ተናገሩ። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድር ነው?

ልዩነቱ ከዚያ በሚከተለው ላይ ነው። ራፋስቂስ እግዚአብሔር ልኮኛል ሲል ነገሩን በዚያ ይጨርሳል፤ ከተላክሁ ማን ይጠይቀኛል ማለቱ ነው። ኢሳይያስ ግን ከንጉሡ ልብ ይገባል። በአፍ ተልኬአለሁ ቢባልም የንጉሡ ሐሳብ አሕዛብን ማጥፋት እንደ ሆነ፥ ድሉንም በገዛ እጁ ኃይልና በጥበቡ እንዳገኘው እንደሚቈጥር ገልጦ ይከስሰዋል። ስለዚህ በአንዱ ዘመቻ ሁለት ሐሳብ አለ፤ የላኪው ሐሳብ ተግሣጽ ነው፥ የተላከው ሐሳብ ምርኮ ነው። ነቢዩ እግዚአብሔር በጽዮን ላይ ያለውን ሥራ ሲፈጽም የንጉሡን ትዕቢት እንደሚቀጣ ከተናገረ በኋላ፥ በሚቈርጥበት ሰው ላይ የሚመካውን መጥረቢያ ምሳሌ አድርጎ ያመጣል። ምሳሌውን ልብ እንበለው። መጥረቢያ የሆነ መጥረቢያ አይመካም፥ ስለዚህም አይፈረድበትም። ንጉሡ የተፈረደበት መጥረቢያ ብቻ ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ ዘመቻ የቀሩትን ምስክሮች ብናስተያይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1830 ዓመት በነነዌ ፍርስራሽ የተገኘው ባለ ስድስት ገጽ የሸክላ ጽሕፈት የሰናክሬምን ዜና ይዟል። በእርሱም 46 ምሽግ ያላቸው ከተሞች እንደ ያዘ፥ 200,150 ሰው እንዳወጣ፥ ሕዝቅያስን በከተማው እንደ ዘጋበት፥ 30 መክሊት ወርቅና 800 መክሊት ብር እንደ ተቀበለ ይናገራል፤ አሦር በሚባለው አምላኩ ረዳትነትም ይመካል። ኢየሩሳሌምን ያዝሁ ግን አይልም። መጽሐፈ ነገሥት 30 መክሊት ወርቅና 300 መክሊት ብር ይላል፤ ወርቁ ይስማማል፥ ብሩ ይለያል። የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ ሊዋጋው መውጣቱን ካወሳ በኋላም፥ የእግዚአብሔር መልአክ በአንዲት ሌሊት ከአሦር ሰፈር 185,000 ሰው እንደ መታ ይጽፋል። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ደግሞ፥ አይጦች የሰናክሬምን ጭፍራ ቀስት በሌሊት በሉት የሚል ታሪክ ከግብፃውያን ሰምቶ ጽፏል፤ እነርሱም ይህን ለአምላካቸው ሰጡት። እንግዲህ በታሪክ ውስጥ የአምላክን እጅ ማየት የነቢያት ብቻ አልነበረም፤ ሰናክሬምም አያለሁ ይል ነበር። ጥፋቱ በማየት ሳይሆን፥ የታየውን ለራስ ክብር በማዋል ነው።

ሰናክሬም በ681 ዓመት በገዛ ልጆቹ እጅ ሞተ፤ የባቢሎን ዜና መዋዕልም ልጁ እንደ ገደለው ይመሰክራል። መጽሐፈ ነገሥት መመለሱንና ሞቱን አከታትሎ ይጻፈው እንጂ በመካከሉ 20 ዓመት አልፏል። የእግዚአብሔርን ፍርድ በሰው ችኰላ ልንለካው አይገባም።

የሚያሳዝነው ግን የዳነችው ከተማ የራፋስቂስን ስሕተት መድገሟ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የኢየሩሳሌም ሰዎች መቅደሱ በመካከላችን ሳለ ማን ይነካናል ብለው ተዘልለው ተቀመጡ። ኤርምያስ በመቅደሱ በር ቆሞ፥ መጻተኛው፥ ድኻ አደጉና ባልቴቲቱ እየተገፉ ቤቱ ብቻውን እንደማያድናቸው አስጠነቀቃቸው፤ ይህም በምዕራፍ 7 ይገኛል። አልሰሙትም። በ586 ዓመት ኢየሩሳሌም በናቡከደነፆር ሠራዊት ተያዘች፥ መቅደሱም ተቃጠለ። ራፋስቂስ በድሉ ታመነ፥ እነርሱ በመዳናቸው ታመኑ፤ ሁለቱም እግዚአብሔር ትናንት ያደረገውን ለዛሬ በደላቸው ዋስ አደረጉት።

ቀናውን መንገድ የሚያሳየን ዳዊት ነው። ሕዝቡን እንዲቈጥር ያነሣሣውን ሲናገር፥ መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በምዕራፍ 24 የእግዚአብሔርን ቍጣ ያነሣል፤ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ ግን በምዕራፍ 21 ሰይጣንን ይጠራል። የአነሣሹ ስም በሁለቱ መጻሕፍት ሲለያይ የዳዊት ኑዛዜ በሁለቱም አንድ ነው፤ በደሉ የራሱ እንደ ሆነ አመነ። አስደራጊውን ፍለጋ አልወጣም።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ እህል ሸሽጎ ዋጋ ያስወደደ ነጋዴ የሕዝቡን ራብ፥ ጉቦ በልቶ ፍርድ ያጣመመ ዳኛም የተበዳዩን እንባ የእግዚአብሔር ሥራ ነው ብሎ ሊያልፈው አይገባም። የእግዚአብሔርን ሥራ መመስከር የነቢያት ወግ ነው፤ በዚያው ምስክርነት የራስን ድርሻ መሰወር ግን የራፋስቂስ ወግ ነው። ሰው ስለ ራሱ ሥራ በተጠየቀ ጊዜ አድራጊ በሚባለው ዓምድ ሥር ይቁም፤ አስደራጊነትን ለባለቤቱ ይተው።