ስለ ስሜን አራዊትና ስለ ተመልካቾቻቸው

በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ዘመነ ክረምት መስከረም 25 ቀን ተፈጽሞ በማግሥቱ ዘመነ ጽጌ ሲገባ፣ ስሜን በዓመት ውስጥ ካሉት መልኮቹ ሁሉ የተዋበውን ይለብሳል። ሣሩ ገና ለምለም ነው፤ ጭጋጉም ቢሆን እንደ ነሐሴ ቀኑን ሙሉ አይከብድም። ዋልያዎች በብዛት የሚወልዱት በመስከረምና በጥቅምት ስለ ሆነ፣ ጨነቅ በተባለው ቦታ አጠገብ በገደሉ አፋፍ ተቀምጦ በትዕግሥት የሚጠባበቅ ሰው፣ እግሩ ገና ያልጸና ግልገል ከእናቱ ኋላ ኋላ እያለ በጠባቡ የድንጋይ እርከን ላይ ሲራመድ ለማየት ይታደላል። ይህንኑ በካሜራው ለመቅረጽ ከሩቅ አገር የሚመጣው መንገደኛም ጥቂት አይደለም። ነገር ግን በእነዚህ ገደሎች ላይ አውሬን አይቶ፣ ምንም ሳያደርሱበት ደስ ብሎ መመለስ በታሪክ ሚዛን ሲታይ የትናንት ነገር ነው።

እርግጥ ፍጥረትን አተኩሮ መመልከት ለቀደሙት ሊቃውንቶቻችን እንግዳ አልነበረም። ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ ሲሸሽ፣ ዛፍ ለመውጣት ደጋግማ የምትወድቅ ትል አይቶ ተጽናና ይባላል፤ ዜማውንም ሦስት አዕዋፍ እንዳሰሙት ትውፊቱ ይናገራል፤ በፍጻሜውም ከአክሱም ተሰናብቶ የመነነው ወደዚሁ ወደ ስሜን ነው። የመኳንንቱና የወታደሩ ልማድ ግን ሌላ ነበር። አንበሳ ወይም ዝሆን የጣለ ሰው ግዳዩን ይዞ ይፎክራል፤ ይሸለማል፤ ስሙም በአገሩ ይጠራል። ዋልያ ለእንዲህ ያለው ማዕርግ የሚበቃ አውሬ አልነበረም። የሚታደነው ለሥጋውና ለቆዳው ነበር፤ ረጅሙ ቀንዱም ተቦርቡሮ የጠጅ ወይም የጠላ ዋንጫ ይሆን ነበር።

የስሜንን አራዊት ለዓለም ሊቃውንት ያስተዋወቀው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሩፔል በ1831 ምጽዋ ደርሶ፣ በሚከተለው ዓመት ያን ጊዜ በደጃዝማች ውቤ እጅ የነበረውን ስሜንን አቋርጦ ጎንደር ገባ። ከ1835 ጀምሮ ባሳተመው ጽሑፍም ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን ገልጾ ሳይንሳዊ ስም አወጣላቸው። ይሁን እንጂ ካሜራ ገና ባልተስፋፋበት በዚያ ዘመን፣ ለሊቁም ቢሆን አውሬን መርምሮ ማየት ማለት ገድሎ ማየት ስለ ነበረ፣ የሰበሰባቸው ቆዳና አጽሞች ወደ ትውልድ ከተማው ቤተ መዘክር ተጓዙ።

የባሰው ጊዜ የመጣው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ማለት ከ1936 እስከ 1941፣ አዲስ ሥሪት ጠብመንጃ በየመንደሩ ስለ ተበተነ፣ ቀድሞ በገደሉ ተከልሎ ይኖር የነበረው ዋልያ ከሩቅ የሚደርስበት ጥይት መጣበት። በ1944 ስለ አራዊት ጥበቃ አዋጅ ወጣ፤ አዋጁና ስሜን ግን ብዙ የተገናኙ አይመስለኝም፤ በ1960ዎቹ የተገመተው የዋልያ ቁጥር ወደ 150 ገደማ ብቻ ነበርና። የዩኔስኮ ልዑካን በ1963 መጥተው ካጠኑ በኋላ ቦታው ፓርክ እንዲሆን ታሰበ፤ በ1969 በሕግ ተደነገገ፤ በ1978ም ከቅዱስ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ መጀመሪያ ከገቡት 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ።

ሳይገድሉ የመመልከት ልማድ በስሜን የጸናው በዚሁ ጊዜ ነው። የስዊስ ተወላጁ በርንሃርድ ኒቨርገልት በ1968ና በ1969 ዋልያን ተከታተለ፤ ሮቢን ደንባርና ባለቤቱ ከ1971 ጀምሮ ሳንቃበር ላይ፣ ማሳኦ ካዋይ የመራቸው ጃፓናውያን ደግሞ በ1973 ግጭ ላይ ሰፍረው ጭላዳን አጠኑ። ጭላዳ ሌሊቱን በገደሉ ደረት ላይ ያድርና ፀሐይ ሲወጣ ወደ ሜዳው ይመጣል። በመጀመሪያ እየሞቀ እርስ በርሱ ጠጕሩን ይፈታተሻል፤ ቀጥሎ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ፣ ከተቀመጠበት ሳይነሣ በቂጡ እየተንሻተተ ይውላል። ክረምቱ እንደ ወጣ ለምለሙ ቅጠል ይበቃዋል፤ በጋው ሲጠና ግን ሥር ለመቆፈር ይገደዳል። ጠጕር የሌለበት ቀይ ደረቱና የወንዱ ጋማ የፎቶግራፍ አንሺውን ዓይን ቢማርኩም፣ እነዚህ ተመልካቾች ቀኑን ሙሉ ከመንጋው ጋር ተቀምጠው ያረጋገጡት ሌላ ነው፤ ይኸውም የቤተሰቡ ምሰሶ ጋማ ያለው ወንድ ሳይሆን በሥጋ የሚዛመዱት እንስቶች መሆናቸው ነው። ለመታየት የሚኩራራው ሌላ፣ ቤቱን የሚያቆመው ሌላ መሆኑን ስንሰማ እኛ ሰዎች ብዙ ልንገረም አይገባንም።

ከዚያ በኋላ የርስ በርስ ጦርነት ሆነና የፓርኩ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ጥበቃው ተቋረጠ። በ1996 ስሜን አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተራ ተመዘገበ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ለመውጣቱ ከተከፈለው ዋጋ አንዱ የግጭ መንደር ነው፤ ነዋሪዎቹ በ2016 አምባቸውን ለቀው በደባርቅ ሰፈሩ። ገበሬው ገብሱን ከጭላዳ ሲጠብቅ የኖረ፣ ዋልያንም ከሊቃውንቱ ሁሉ በፊት የሚያውቅ ሆኖ ሳለ፣ በመጻሕፍቱ ውስጥ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጥፋተኛ ብቻ መሆኑ ፍርደ ገምድልነት ነው። ጠብመንጃውን አንግቶ በብርድና በጭጋግ ጎብኚውን የሚመራው፣ የዋልያውን መዋያ ከነሰዓቱ የሚነግረውም የዚያው የገበሬ ልጅ ነው። ስለዚህ በመጪው ዘመነ ጽጌ ወደ ስሜን የምትወጣ አንባቢ ሆይ፣ ፎቶግራፍህን በምታሳትምበት ጊዜ ከስምህ አጠገብ፣ ፈቃዱን ጠይቀህ፣ የመሪህንም ስም ጻፍ።