የሊል ከበባ (እ.ኤ.አ. 1708)

በእስፓኝ ዙፋን ወራሽነት ጦርነት ዘመን የአውሮፓ ጦር አዛዦች ሜዳ ላይ የተፋለሙባቸው ቀናት ጥቂት ነበሩ። አብዛኛው የዘመቻ ወራት የሚያልቀው ምሽግ በመክበብና ለከበባው የሚሆን መድፍ፣ ባሩድና ስንቅ በማጓጓዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1708 የፈረንሳይዋን የሊል ከተማ ለመያዝ የተደረገው ትግል የዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው።

ሉዊ 14ኛ ሊልን በ1667 ከእስፓኝ እንደወሰዳት፣ መሐንዲሱ ቮባን በከተማዋ ጫፍ ባለ አምስት ማዕዘን የኮከብ ቅርጽ ያለው ጽኑ ምሽግ ሠራላት። በ1708 ከተማዋን የሚጠብቁት ማርሻል ቡፍሌርና 15,000 ያህል ወታደሮች ነበሩ።

በዚያው ዓመት ጁላይ 11 ቀን የእንግሊዙ የማርልቦሮ መስፍንና የኦስትሪያው አዛዥ ልዑል ዩጂን የፈረንሳይን ጦር በኡደናርድ ድል ነሡ። ተሸናፊዎቹ ግን ጌንትንና ብሩዥን አልለቀቁም። የአካባቢው የውሃ መንገድ ቁልፍ በእነዚህ ከተሞች እጅ ስለነበር፣ የእንግሊዝ፣ የኦስትሪያና የደች የተባበረ ጦር ከባድ መድፎቹን በጀልባ ወደ ሊል ማድረስ አልቻለም። ስለዚህ 80 ከባድ መድፎች፣ 20 ሞርታሮችና 3,000 ያህል ጋሪዎች በ16,000 ፈረሶች እየተጎተቱ በኦገስት መጀመሪያ ከብራስልስ በየብስ ተነሡ። ሰልፉ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝም ነበር። በሰሜን ቫንዶም፣ በደቡብ በርዊክ የፈረንሳይ ጦር ይዘው ቢጠብቁም ጓዙ ሳይደፈር አለፈ። ፈረንሳይ ሊልን ለማዳን የነበራት ምርጥ ዕድል በእነዚያ ቀናት አመለጣት።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተከፈለ። ዩጂን ከተማዋን ከበበ፤ ማርልቦሮ ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን ጦር ለመመከት ሜዳውን ያዘ። ቆፋሪዎቹ በመጀመሪያ ከግንቡ ራቅ ብለው ከምሽጉ ጋር ትይዩ የሆነ ጉድብ ቆፈሩ። ከእርሱም ጠማማ ጉድብ እያወጡ ወደ ፊት ቀረቡ፤ ጉድቡ የሚጠማዘዘው የምሽጉ መድፍ ርዝመቱን ተከትሎ ጠርጎ እንዳይተኩስበት ነው። ፊት ለፊት የሚሠራው ቆፋሪ አፈር የሞላው ቅርጫት እያስቀደመ በዚያው ከለላ ይቆፍራል። ይህን ዘዴ በ1673 በማስትሪክት ላይ በሥራ ያዋለው ራሱ ቮባን ነው። መሐንዲሱ በ1707 ስለሞተ፣ የገዛ ምሽጉ በገዛ ዘዴው ሲጠቃ አላየም።

በሴፕቴምበር ቫንዶምና በርዊክ ተገናኝተው በንጉሡ የልጅ ልጅ በቡርጎኝ መስፍን የበላይነት ወደ ማርልቦሮ ሰፈር ቀረቡ። ይሁን እንጂ አዛዦቹ መስማማት አቅቷቸው ከቬርሳይ ትእዛዝ ሲጠብቁ ቀናት አለፉ፤ በመጨረሻም ሳይዋጉ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የያዙት ዘዴ የተሻለ ነበር፦ የሼልትን ወንዝ መሻገሪያዎች ይዘው ከብራስልስ የሚመጣውን መንገድ ቆረጡ። ከበባው የሚቀለበው ከኦስተንድ ወደብ ብቻ ሆነ። ሴፕቴምበር 28 ቀን በዋይነንዳል ጄኔራል ዌብ የደን ሽፋንን ተጠቅሞ ከሠራዊቱ ከሁለት እጥፍ የሚበልጥ የፈረንሳይ ጦር መለሰና ጋሪዎቹን አሳለፈ። ያ ጓዝ ባይደርስ ኖሮ ከበባው መፍረሱ አይቀርም ነበር።

የምሽጉም ሰዎች ባሩድ እያለቀባቸው ነበር። በዚያው ሌሊት የፈረንሳይ ፈረሰኞች የባሩድ ከረጢት በየኮርቻቸው ጭነው፣ የደች ወታደሮች መስለው በከባቢዎቹ መካከል ለማለፍ ሞከሩ። ዘቦቹ ነቅተው ሲተኩሱ አንዳንዱ ከረጢት እየፈነዳ ፈረሱንም ፈረሰኛውንም አጠፋ። የቀሩት ግን ባሩዱን ከተማ አስገቡ። እንዲህ ያለ ድፍረት በዘመኑ የጦር ታሪክ ብዙ አይገኝም።

ከተማዋ በኦክቶበር መጨረሻ እጅ ሰጠች። ቡፍሌር ወደ ኮከቡ ምሽግ ገብቶ እስከ ዲሴምበር ተከላከለና በወታደራዊ ክብር ወጣ። ከበባው የተባበረውን ጦር ከ12,000 በላይ ሙትና ቁስለኛ አስከፍሎታል። በ1713 በዩትሬክት ውል ሊል ለፈረንሳይ ተመለሰች።