የብድር ሙግትና የይግባኝ መንገድ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ሲል የአገራችን ሰው ይተርታል። በዚህ ተረት ውስጥ ይግባኝ የተባለው ነገር ሥሩ ተተክሎ ይገኛል። የተረታ ሰው እስከ መጨረሻው ደጅ ደርሶ ቃሉ ካልተሰማለት በቀር ልቡ አያርፍምና ነው። ይህም በብድር ክርክር ላይ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ ስለሚታይ፥ ታሪኩን በአጭሩ ልንመለከተው ወደድን።

በቀድሞው ዘመን አበዳሪና ተበዳሪ የተካካዱ እንደ ሆነ መንገደኛውን ሁሉ ዳኛ ያደርጉት ነበር። ተበዳሪው ዋስ ያጣ እንደ ሆነ ከባለገንዘቡ ጋር በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው አብረው ይውሉ ነበር። በፍርዱ ቅር የተሰኘው ወገን ከጭቃ ሹም ወደ አገረ ገዢው፥ ከዚያም ወደ አፈ ንጉሡ፥ በመጨረሻም ወደ ንጉሡ ችሎት ይግባኝ ይል ነበር። ነገር ግን መንገዱ ሩቅ፥ ስንቁም ውድ ስለ ነበረ፥ ብዙ ጊዜ የሚረታው እውነት ያለው ሳይሆን ደጅ መጥናት የቻለው ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ሰጡ። ከጠላት ወረራም በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በየደረጃቸው አቆመ። የተረታ ሰው ከታችኛው ወደ ላይኛው የሚሄድበት መንገድም ተለይቶ ታወቀ። ከሁሉ በላይ የነበረው የዙፋን ችሎት ግን በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲወርድ አብሮ ቀረ።

ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው በሕግ መጻሕፍት ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472፥ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፥ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ደነገገ። ዕዳውን ከፈልሁ የሚለውም ሰው በዚሁ ሥርዓት ይታሰራል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ይግባኝ ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ እንዲቀርብ አዘዘ። ይግባኝ ማለት ብቻውን የፍርዱን አፈጻጸም አያግድም፤ በታችኛው ፍርድ ቤት ያልቀረበ ማስረጃም በልዩ ምክንያት ካልሆነ በላይኛው አይሰማም።

እንግዲህ ይግባኝ የቃል ችሎታ የሚታይበት አደባባይ መሆኑ ቀርቶ የመዝገብ ምርመራ ሆነ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተመለከተው የሰበር ችሎትም የሚያየው በመጨረሻ ፍርድ ላይ የተገኘውን መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ብቻ ነው።

ሕጉ እንዲህ ሲጠነክር ልማዳችን ግን ባለበት ቆየ። ለወንድም ወይም ለባልንጀራ ገንዘብ አበድሮ «ፈርምልኝ» ማለት እንደ ነውር ይቈጠራል። 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ብዙ ገንዘብ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ የብር ዋጋ ስለ ረከሰ ግን ጥቂት የሚባለው ብድር እንኳ ከዚህ ወሰን አልፏል። ስለዚህ በእምነት ያበደረ ሰው ያለ ወረቀት ይከሳል፤ ይረታልም። በእምነት የከፈለውም ያለ ደረሰኝ ሁለተኛ ይከፍላል። ሁለቱም በይግባኝ ሲጮኹ የላይኛው ዳኛ መዝገቡን ገልጦ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ዳኛው ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ያልተጻፈውን ሊያነብ ስለማይችል ነው።

በእኛ አስተያየት ጽሑፍ የእምነት ጠላት ሳይሆን የእምነት ጠባቂ ነው። በአንዲት ወረቀት ላይ የሰፈረ ፊርማ የወንድማማችን ፍቅር አያጎድልም፤ ይልቁንም ከችሎት ወደ ችሎት ከመንከራተት ያድነዋል። የጥንቱ ባለጉዳይ ስንቁን ቋጥሮ ወደ ንጉሡ ደጅ ይጓዝ ነበር፤ የዛሬው ባለጉዳይ ግን ስንቁን አስቀድሞ፥ ገንዘቡን በሚሰጥበት ቀን፥ በጽሑፍ ሊቋጥር ይገባዋል።