ድምፃቸው የጠፋ ፊደላት

የኅትመትን ጥበብ ወደ እንግሊዝ አገር አስገብቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1476 ዓ.ም. በዌስትሚኒስተር ማተሚያ ቤት ያቆመው ዊልያም ካክስተን፣ በ1490 ባሳተመው የኤኔያስ ታሪክ መቅድም ላይ፣ የአገሩ ልሳን በየአውራጃው መለያየቱ እንዴት እንዳስጨነቀው የሚያስረዳ አንድ ነገር አኑሮልናል። ነጋዴዎች ከቴምዝ ወንዝ ተነሥተው ወደ ዜላንድ ሊሻገሩ ሲሉ ነፋስ አጥተው ወደ የብስ ወጡ፤ ከእነርሱም አንዱ ከአንዲት እመቤት ደጅ ቀርቦ «ኤግስ» እንድትሰጠው ቢለምናት፣ ፈረንሳይኛ አላውቅም ብላ መለሰችለት፤ እርሱም ፈረንሳይኛ የማያውቅ ሰው ነበርና ተቆጣ። በመጨረሻው ሌላ ሰው «ኤይረን» ማለቱ ነው ቢላት፣ የፈለገው እንቁላል መሆኑ ያን ጊዜ ገባት።

ማተሚያው ፊደሉን በብረት ሲያጸናው የሰው አንደበት ገና በጉዞ ላይ ነበርና፣ በብራና ዘመን የሚሰማው ብዙ ድምፅ በወረቀት ላይ ቀርቶ ከአፍ ጠፋ። ዛሬ በለንደን «ናይት» የሚባለው፣ ትርጓሜውም ባለማዕርግ ፈረሰኛ የሆነው ቃል በስድስት ፊደላት ሲጻፍ፣ በመነሻው ያለው «ክ»፣ በመካከሉም ያለው ከጉሮሮ የሚወጣው «ኽ» ቀድሞ ሁለቱም ይሰሙ ነበር። ይህ «ኽ» በስኮትላንድ አልሞተም፤ በጥንቱ በአገሩ ልሳን የሚናገር ሰው ሌሊትን «ኒኽት»፣ ሐይቅን «ሎኽ» ይላል።

ዝም ያለ ፊደል ሁሉ ግን የጥንት ድምፅ ምስክር አይደለም። ዕዳ ማለት በሆነው «ዴት» ውስጥ ያለው «ብ» በእንግሊዞች አንደበት ተነግሮ አያውቅም፤ ላቲንን ያፈቀሩ ሊቃውንት የቃሉን ሥር «ዴቢቱም»ን ለማሳየት ሲሉ ሰኩት እንጂ፣ ሬሳ ያላረፈበት መቃብር ነው። የመድኃኒትና የቅመም ቅጠልንም አሜሪካኖች «ኧርብ» ሲሉት እንግሊዞች «ሀ»ውን አሰምተው «ኸርብ» ይሉታል፤ ቃሉ ከፈረንሳይ ሲመጣ «ሀ» አይሰማበትም ነበርና፣ በዚህስ የጥንቱን የጠበቁት ባሕር የተሻገሩት ናቸው።

የማይነገር ፊደል ሁሉ ከጽሕፈት ይውጣ የሚሉትን ስሰማ ልቤ የማይቀበለው በቅርብ የማውቀው ምስክር ስላለኝ ነው፤ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች አልፋውን «አ»ና ዓይኑን «ዐ» በንባብ አንድ አድርገን በጽሕፈት ብቻ ስንለያቸው፣ የትግርኛ ተናጋሪ ግን «ዓይኒ» ባለ ጊዜ ያ ድምፅ ከጉሮሮው ጥልቅ ተጨምቆ ሲወጣ፣ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው በጆሮው ይሰማዋል።