ከጋን ጠላ እስከ ላገር ቢራ፦ የቅምሻ ሚዛን በቂርያት ጋት

እንደሚታወቀው የቂርያት ጋት ከተማ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኢንዱስትሪ ቀጠናዋ ታሪክ በስኳርና በጨርቅ ይጀምራል፤ ሱጋት ስኳሩን፣ ፖልጋት ጨርቁን ሲያመርቱ ኖረው፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ኢንቴል የከተማዋን ስም በዓለም አስጠርቷል። በዘመቻ ሙሴና በግንቦት 1991 በተካሄደው በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት ወገኖቻችን ብዙዎች በዚህች ከተማ ሰፍረው በነዚሁ ፋብሪካዎች ሠርተዋል። ይሁን እንጂ በዚያው ቀጠና ውስጥ በአነስተኛ መጠን ቢራ ይጠመቅ እንደነበረ፣ የነገቭ ቢራ ጠመቃም ምርቱን ከዚህ ያወጣ እንደነበረ የሚያውቅ ከሽማግሌዎቻችን መካከል ጥቂት ነው። ለዚህም ነው ስለ ቢራ ቅምሻ መጻፍ የፈለግነው፤ ነገሩ ከእናቶቻችን ሙያ ጋር የሚገናኝ ሆኖ ሳለ ማንም እናቶቻችንን ስላልጠየቀ።

በእስራኤል ለብዙ ዘመን የቢራው ገበያ በሁለት ትልልቅ ፋብሪካዎች እጅ ነበር፤ አንደኛው የናታንያው ቴምፖ፣ ሁለተኛው የአሽቀሎኑ ነው። ትንንሾቹ ጠማቂዎች የበዙት ዳንሲንግ ካሜል በ2006 በቴል አቪቭ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነው። ከነዚህ አብዛኞቹ የሚመርጡት በሙቅ ስፍራ ቶሎ የሚፈላውንና ጠንከር ያለ ጣዕም ያለውን ዓይነት ነው። ነጣ ያለውን ላገር የሚደፍረው ጥቂት ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ታሪኩ መለስ ማለት ያስፈልጋል።

ላገር የሚለው ቃል የመጣው ከጀርመንኛ ሲሆን ትርጉሙ ማከማቸት ነው። እርሾው ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ያፈላዋል፤ ከዚያም ቢራው ወደ ዜሮ በተጠጋ ቅዝቃዜ ለሳምንታት ይተኛል። ነጣ ያለው ዓይነት የተወለደው በቦሄሚያ፣ በፒልዘን ከተማ ነው። የከተማዋ ሰዎች በ1838 የተበላሸ ቢራ የሞላባቸውን በርሜሎች በአደባባይ ደፍተው አዲስ ጠመቃ ቤት ሠሩ፤ ዮሴፍ ግሮል የተባለ የባቫሪያ ሰውም በ1842 የመጀመሪያውን ወርቃማ ቢራ ጠመቀላቸው። ብቅሉ በዝግታ ስለደረቀ አልጠቆረም፤ ውሃውም ለስላሳ ነበር። ቀጥሎም በ1883 ኤሚል ክርስቲያን ሀንሰን በኮፐንሀገን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ንጹሑን እርሾ ለይቶ አራባ። የዚህ እርሾ አንደኛው ወላጅ ግን ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ቆይቶ፣ በ2011 ተመራማሪዎች በደቡብ አሜሪካ በፓታጎንያ ጫካ ዛፎች ላይ አገኙት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የጊዮርጊስ ቢራ በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በ1922 ነው። በጎንደር የዳሸን ቢራ ፋብሪካ ሲከፈት ግን 2000 ዓመት ደርሶ ነበር፤ ያን ጊዜ የጎንደር ቤተ እስራኤል አብዛኛው እዚህ ነው። ስለዚህ እናቶቻችን የፋብሪካ ቢራ በቅጡ ሳያውቁ ነው ከገጠር የወጡት። ያወቁት ጠላን ነው። ገብሱን ነክረው ያበቅላሉ፣ ጌሾውን ወቅጠው ይጠነስሳሉ፣ አሻሮውን ቆልተው ይደፈድፋሉ። ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ ጭስ ያጥናሉ። ጌሾ በጠላ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ሆፕ የተባለው ተክል በቢራ ውስጥ ከሚሠራው ጋር ይመሳሰላል፤ መራራነት ይሰጣል፣ መጠጡንም ከመበላሸት ይጠብቃል።

ታዲያ ላገሩ ለምን ከበደ? የሚሸሸግበት ስለሌለው ነው። በጠላ የወይራው ጭስና የአሻሮው ቁሌት ትንሹን ጉድለት ይሸፍናሉ፤ በጥቁር ቢራም እንዲሁ። በነጣው ላገር ግን ጥቂት ስሕተት እንኳ ፊት ለፊት ይታያል። በውድድር የሚዳኙት ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙበት የአሜሪካኖች ሚዛን ከ50 ነጥብ ነው፤ ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ ለአፍ ስሜት 5፣ ለጠቅላላው 10 ይሰጣል። በመጀመሪያ ሽታው ይመዘናል፣ ቶሎ ስለሚበር። ብርጭቆው የሳሙና ሽታ ሊኖረው አይገባም፤ አለዚያ አረፋው አይቆምም። የተቀቀለ በቆሎ፣ ያልበሰለ ፖም ወይም የራሰ ካርቶን ከሸተተ ጉድለት ነው። ብርሃን የመታው ደግሞ ይከረፋል። ሆፕ ብርሃን ስለማይወድ ነው ብዙ ጠርሙስ ቡናማ የሚሆነው።

በማኅበራችን አዳራሽ ሦስት እናቶችና በፋብሪካ የሚሠሩ ሁለት ወጣቶች ባሉበት፣ ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገንን አንድ ነጣ ያለ ላገር አቀረብንላቸው። ወጣቶቹ የነጥቡን ወረቀት ይዘው ነበር። ከእናቶች አንዷ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው አቅርበው፣ «ልጄ፣ ይህ መጠጥ ከቅቤ ጋር አድሯል» አሉ። ወጣቱ ወረቀቱን አየና፣ «እማማ፣ ትክክል ነዎት፤ ዲያሴቲል ይባላል» አላቸው። ዲያሴቲል ማለት እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ቢራው ከቀዘቀዘ የሚቀር የቅቤ ሽታ ያለው ነገር ነው። እናታችን ስሙን አላወቁም፤ ጉድለቱን ግን ወጣቱ ከመጻፉ በፊት አገኙት። ሁለተኛዋ እናት ቀምሰው «ቅራሪ ነው» ብለው አስቀመጡት። በዚህ አንስማማም፤ ቅራሪ ከተጠለለው ድፍድፍ በውሃ የሚወጣ ቀጭን መጠጥ ነው፣ ላገር ግን ቀጭን ሆኖ መወለዱ ክብሩ እንጂ ነውሩ አይደለም። ወጣቶቹ ደግሞ በበኩላቸው ጠላ ሲቀርብላቸው ጭሱንና ትንሿን ኮምጣጣነት ጉድለት ብለው ሊቀንሱ ነበር። በዚያ ሚዛን መሠረት ልክ ናቸው። ነገር ግን ሚዛኑ የተሠራው ለሌላ መጠጥ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምንሰማውን ሁለት ዓይነት ንግግር ማንሳት ይገባል። አንዱ «የእኛ ሴቶች ሁሉን ያውቁ ነበር፣ ፈረንጅ ከእኛ ወሰደ» ይላል፤ ይህ እውነት አይደለም፤ የላገር እርሾና የጋኑ እርሾ የተለያዩ ናቸው። ሌላው «እነሱ ስለ ቢራ ምን ያውቃሉ» ይላል። ይኸኛው ይበልጥ ያሳዝነናል፣ ምክንያቱም ጉሽ፣ ቅራሪ፣ አተላ፣ ጥንስስ፣ ድፍድፍ እያለ የሚለይ አፍ ያለው ሰው ያለ ትምህርት አልኖረም።

በሃይማኖት በኩል ያለውንም እንጨምር። አባቶቻችን በኢትዮጵያ የታልሙድ መጽሐፍ አልነበራቸውም፤ በዚያ መጽሐፍ ግን ራቭ ፓፓ የተባለው ሊቅ ከቢራ ጠመቃ እንደበለጸገ ተጽፏል። በባቢሎን የሚጠመቀው ቢራ በአብዛኛው ከተምር ነበር፤ ከገብስ የተሠራው ግን በፋሲካ ሐሜጽ ነው፣ ጠላም በአባቶቻችን ዘንድ እንዲሁ እርሾ የነካው ነበርና በዚያ ሰባት ቀን ከቤት ይወጣል። ዛሬም በቂርያት ጋት ሱቆች የቢራው መደርደሪያ በፋሲካ ሰሞን ይሸፈናል።

ከአዳራሹ ስንወጣ ሦስተኛዋ እናት፣ እስከዚያ ድረስ ምንም ያልተናገሩት፣ የቀረውን ጠርሙስ ይዘው ሄዱ። ምን ያህል ነጥብ ይሰጡታል ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ነገ አድሮ ልየው፤ ያደረ ጠላ ነው የሚመሰክረው» አሉን።