ከሩዝ ገለፈት የወጣ ሲሊከን
የሩዝ ገለፈት፣ ነጭ አመድ፣ የሲሊከን ዱቄት፣ የሳንቲም ቅርጽ ያለው የሙከራ ባትሪ

ገለፈቱን በማጉያ መነጽሩ ይመልከቱት፤ ጀርባውን ጥቃቅን ጉብታዎች በረድፍ በረድፍ ሸፍነውታል። እንዲህ ሻካራ ያደረገው ሲሊካ ነው፤ አሸዋም በአብዛኛው ከዚሁ ነው። የሩዝ ተክል ሲሊካውን በሥሩ ከውሃ ጋር መጥጦ ገለፈቱ ላይ ያከማቸዋል፤ ፍሬውንም ከነፍሳትና ከበሽታ ይከላከልበታል። ገለፈቱ ለከብት መኖ እምብዛም የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በፎገራ ሩዝ የሚፈለፈልበትን ወፍጮ ያየ ሰው ክምሩን ያውቀዋል።

ገለፈቱ መጀመሪያ በአሲድ ይታጠባል። ካልታጠበ በውስጡ ያለው ፖታሲየም በእሳት ጊዜ ሲሊካውን አቅልጦ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ከዚያ ሲቃጠል ነጩ አመድ ይቀራል። አመዱ ከማግኒዚየም ዱቄት ጋር አየር በሌለበት ዕቃ ወደ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ፣ ማግኒዚየሙ የሲሊካውን ኦክስጅን ይነጥቃል፤ ዳግም በአሲድ ሲታጠብ ሲሊከኑ ይወጣል። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ የሠሩትን የባትሪ ኤሌክትሮድ እ.ኤ.አ. በ2013 በጥናት አቅርበዋል።

ዛሬ በስልካችን ባትሪ ውስጥ ኤሌክትሮድ ሆኖ የሚያገለግለው ግራፋይት በአንድ ግራም ቢበዛ 372 ሚሊአምፒር-ሰዓት ይይዛል፤ ሲሊከን በስሌት 3,500 ያልፋል። ነገር ግን ባትሪው ሲሞላ ሊቲየም ሲገባበት ከሦስት እጥፍ በላይ ያብጣል፤ ትልልቅ ቅንጣት ከሆነ ይሰነጣጠቃል። የገለፈቱ ሲሊከን ብልጫ እዚህ ላይ ነው፦ ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ናቸው፣ በመካከላቸውም ለማበጥ የሚሆን ክፍተት አለ። ይህን ቅርጽ ያበጀው ተክሉ ራሱ ነው። የማግኒዚየሙና የአሲዱ ወጪ ግን ገና ያልቀለለ ሸክም ነው።