የመሬቱ ምስክር ማነው?



የዛሬው ንግግራችን ስለ መሬት ነው። መሬት ለገበሬ ምን እንደሆነ እኛ ለእናንተ አንነግራችሁም። እሱን እናንተው ታውቁታላችሁ። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ይህ መሬት የእኔ ነው» ሲባል ምስክሩ ማን ነበር? ዛሬስ ማነው?

በመጀመሪያ ወደ ሰሜን እንሂድ። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በሰሜን ሸዋና በከፊል ወሎ መሬት በርስት ይያዝ ነበር። ርስት ማለት መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ መብት ነው። የእሱ ዘር የሆነ ሁሉ በእናቱም ሆነ በአባቱ በኩል ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቃል። ሴትም ትጠይቃለች። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምስክሩ ምን ነበር? ለአብዛኛው ገበሬ ወረቀት አልነበረም። ምስክሩ የትውልድ ቆጠራና የሽማግሌ ቃል ነበር። ቆጠራው የጠፋበት ሰው ይረታል። ሙግቱም ከአባት ወደ ልጅ ይሻገር ነበር። በዚህ ላይ ጉልት ነበር። ጉልት መሬት የማረስ መብት አይደለም፤ ከሚያርሰው ሰው ግብር የመብላት መብት ነው። ነገሥታቱ ለመኳንንትና ለቤተ ክርስቲያን ይሰጡት ነበር።

በደቡብ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አገሩ በጦር ተያዘ። መሬቱም በገመድ ይለካ ጀመር። ገመዱ ቃላድ ይባላል። የተለካው በጋሻ ተቆጠረ፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። ብዙው መሬት ለመንግሥት፣ ለጦር አለቆች፣ ለወታደሮችና ለቤተ ክርስቲያን ሆነ። ቀድሞ በመሬቱ ላይ የነበረው ገበሬ መጀመሪያ ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆነ።

ጭሰኛው ካመረተው ላይ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጣል። ባለመሬቱ ለመንግሥት የሚከፍለው አሥራት እንኳ በጭሰኛው ጫንቃ ላይ ይወድቅ ነበር። ውሉ ደግሞ የአፍ ውል ነው። «ልቀቅ» ሲባል ይለቃል እንጂ ምን ያሳያል? ወረቀት የለው!

የዚህ ጉዳት በጭላሎ ታየ። በ1960 ዓ.ም. በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ፣ በስዊድን እርዳታ አንድ የእርሻ ልማት ሥራ ተጀመረ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መጣ። ምርትም ጨመረ። መቼም ደስ ይላል፤ አይደለም እንዴ? ግን መሬቱ ትርፍ ሲያመጣ ጊዜ፣ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞችን አስለቀቁ። ልማቱ የታሰበው ለድሃው ገበሬ ነበር። መሬቱ በእጁ ስላልሆነ ግን እሱኑ አፈናቀለው። የጭሰኛውን ውል የሚያስተካክል የሕግ ረቂቅ ለፓርላማ ቀርቦ ነበር። ሳይጸድቅ ቀረ። ከፓርላማው አባላት ብዙዎቹ ራሳቸው ባለመሬት ነበሩና!

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጥተው ነበር። ጥያቄው መልስ ያገኘው ከአብዮቱ በኋላ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ጭሰኛና ባለመሬት መባባል ቀረ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደነገገ። ብዙ ሚሊዮን ገበሬ ከባለመሬት ጫንቃ ወረደ። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ሥጋቱ ሁሉ አልጠፋም። መሬቱን የሚያከፋፍለው የገበሬ ማኅበሩ ነበር። ሰው ሲጨምር መሬቱ እንደገና ይሸነሸናል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ መንደር ምሥረታ መጣና ብዙ ገበሬ ከቀዬው ተነሣ። እስቲ አስቡት፤ ነገ ለሌላ ሰው በሚሰጥ ማሳ ላይ ማን እርከን ይሠራል? ማንስ ዛፍ ይተክላል? ሴቶችም ነበሩ። አዋጁ ወንድና ሴት አልለየም። በማኅበሩ መዝገብ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የአባወራው ስም ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። ገበሬው ግን መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው ይላል። ከ1990ዎቹ ጀምሮም በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ይዞታው እየተመዘገበ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጠው ጀመር። በአማራ ክልል ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ከሆነ የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ ይገባል። ትናንት ስሟ በመዝገብ ያልነበረው ሴት ዛሬ «ይኸውና ስሜ» ትላለች።

ደብተር ብቻውን አጥር አይሆንም። ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ መሬት ሊወሰድ ይችላል። ያን ጊዜ ግን አስቀድሞ ካሣ መከፈል አለበት። ካሣው ሲተመን፣ ሙግት ሲመጣ፣ ውርስ ሲከፈል፣ የምታሳዩት ደብተሩን ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ደብተራችሁን ከሣጥኑ አውጡ። ስማችሁን ፈልጉ። የባለቤታችሁን ስም ፈልጉ። አዋሳኙን አንብቡ፤ በምሥራቅ ማነው? በምዕራብስ? በሰሜንና በደቡብስ? ስፋቱንም እዩ። የተሳሳተ ነገር ካገኛችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ቀበሌያችሁ የመሬት አስተዳደር ሂዱ። መሬት ስታከራዩም ሳታነቡ ጣታችሁን አታስነኩ። ሁለት ዓመት ብላችሁ ተስማምታችሁ ወረቀቱ ሃያ ቢልስ?

አያቶቻችን ለርስታቸው ሲሉ ትውልድ መቁጠር አጠኑ። የእኛ ዘመን ምስክር ፊደል ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው ምስክሩን ራሱ ይጠይቃል፤ ያልቆጠረ ግን ሰው የነገረውን ያምናል።



መወያያ
1. ርስትና ጉልት ልዩነታቸው ምንድነው?
2. በጭላሎ ምርት ሲጨምር ጭሰኛው ለምን ተጎዳ?
3. በደብተራችሁ ላይ አዋሳኞቻችሁ እነማን ናቸው? እያነበባችሁ ተነጋገሩ።